በጾም ያልከሳ ሾርባ

«ነፋሱ ዛሬ ከገደሉ በኩል ነው የሚመጣው፣ ብርሃኔ። ነጠላሽን ጠበቅ አድርጊ... በጓም ወለደች አሉኝ። መንታ? ደግ ነው፣ ደግ ነው። እዚያ አይደለም እቴ፣ እዚህ እንቀመጥ፤ ከየኔታ ጀርባ። ለነፋሱም ይሻላል።»

እስከዳር ይህን ሁሉ የተናገረችው ጮክ ብላ ነው፤ ለመጮህም በቂ ምክንያት ነበራት። የጎረቤቷ የብርሃኔ ጆሮ ከከበደ ሦስት ዓመት አልፎታል። እስከዳር ጆሮው ደኅና የሆነ ወዳጅ ደባርቅ ውስጥ አጥታ አይደለም፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ከብርሃኔ የተሻለ ሰው አልነበረም። ለብርሃኔ የተነገረ ነገር ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል፣ ተናጋሪውን ግን ለምን ጮህክ ብሎ የሚወቅሰው የለም።

ቤቱ «ቤላ ሊማሊሞ» የተባለው የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። እስከዳር በዚህ ቤት ጓዳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሾርባ ቀቅላለች። ከትናንት በስቲያ ሰኞ፣ ጾሙ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ባለቤቱ አሻግሬ ራሱ እንኳ ሳይመጣ በአስተናጋጇ አፍ «ይረፉ ተብለዋል» አስባላት። በቦታዋም ረጅም ነጭ ቆብ የደፋ ወጣት ወጥ ሠሪ ከባሕር ዳር አስመጣ። ማሰናበቱ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። አንጀቷን ያሳረራት «እጇ ጨው በዛበት፣ እርጅና ነው» የሚል ወሬ አብሮ መውጣቱ ነው። ወሬው የደብሩ መምህር የኔታ ይግዛው ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የኔታ ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የድግሱን ወጥ ቤት እስከዳር ልትመራ ቃል ተገብቶላት ነበር፣ አሁን ግን ሌላ ሴት እየተፈለገ ነው። የየኔታ ድግስ የቀረባትን ወጥ ሠሪ ደግሞ ከደባርቅ እስከ ዳባት የሚጠራት አይኖርም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። የኔታ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በአሻግሬ ግብዣ ከራሱ ከአሻግሬ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። አሻግሬ እሑድ በሚደረገው የሰበካ ጉባኤ ምርጫ የእሳቸውን ድጋፍ ይፈልጋል። እስከዳር ይህንን ታውቅ ነበርና ነው ቀኑን የመረጠችው።

«እስቲ ቀና በይ ብርሃኔ፣ ያንን የቤቱን ጌታ ፎቶ እይው። ጣሊያን አገር፣ ያ ዘመም ያለው ግንብ አጠገብ የቆመውን... በእጁ ደግፎት። እሱ ባይደርስለት እስካሁን ወድቆ ነበር እኮ፣ አይመስልሽም? አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው የተፈጠረው፤ የዘመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። እኔ ጓዳው ቀጥ ያለ መስሎኝ ስቀመጥ፣ እሱ መጣና አቃናልኝ...

«ጣሊያን አገር የቆየው ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው አሉ። ሁለት ወር። እኔ ፈዛዛዋ ጎንደር ላይ፣ ያ ባለ ጋራዥ ሽማግሌ ጣሊያን ቤት፣ ስምንት ዓመት ድስት ፍቄ ነው የገብስ ሾርባ ይዤ የወጣሁት። ሰውየው የተራራ አገር ሰው ነበር፣ እንደኛው ብርድ የጠገበ። ገብሱ በደንብ ካልበሰለ ማንኪያውን ይወረውረዋል፤ ከበሰለ ደግሞ እናቱን አስታውሶ ያለቅሳል። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንኪያ ስለቅም ኖርኩ። የእኛው ሰው ግን ምን ማንኪያ ተወርውሮበት? ቱሪስት አስጎብኝቶ፣ ቱሪስት ጋብዞት፣ ፎቶውን ተነሥቶ፣ ሙያውን ጨርሶ መጣ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአገር የሚሰጠው ስንቴ ነው?...

«ቆይ፣ የምግቡን ዝርዝር እኔው ላንብብልሽ። ‹ከሰሜን ጣሊያን ተራሮች የመጣ የገብስ ሾርባ።› እሰይ። እኔ እኮ ገብሱ እዚሁ ጎረቤታችን በየዳ ወረዳ ታጭዶ ሲጫን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከጣሊያን ተነሥቶ በበየዳ ዞሮ ነው የሚመጣው... ምን ያህል ደክሞት ይሆን? ደግሞ ይኸውልሽ፣ ‹ፖሌንታ›። ሰባት ዓመት ሳማስለው የበቆሎ ገንፎ ነው እያልኩ። ምን ይደረግ፣ ያልተማረ ሰው ገንፎን ገንፎ ነው የሚለው። ያ ቆቡን የደፋው ልጅ ግን በሁለት ቀን ፖሌንታ መሆኑን ደረሰበት። ቆቡ ሳይሆን አይቀርም... እኔ በሻሽ ነበር የምሠራው።»

ብርሃኔ ግማሹን አልሰማችም፤ በሁሉም ግን ፈገግ እያለች ራሷን ነቀነቀች። በወዲያኛው ጥግ ምሳቸውን የሚበሉት የፓርክ ሠራተኞች ማንኪያቸውን ቀስ ማድረግ ጀመሩ። አሻግሬ ወንበሩን ወደ የኔታ አስጠጋና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ማውራት ያዘ። ቆርቆሮው ብዙም አልረዳውም፤ የእስከዳር ድምፅ ከቆርቆሮው በላይ ነበር።

ይህን ጊዜ ሾርባው መጣ። አስተናጋጇ ጽጌሬዳ ያዘዙትን ሁለት ሳህን ለእስከዳርና ለብርሃኔ፣ አንዱን ለየኔታ አቀረበች። እስከዳር ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀችው ነገር ነበራት፤ አንድ ማንኪያ ቀምሳ «ጨው አነሰው» ብላ ስለ ጨው የሚያሳፍር ነገር ልትጨምር አስባ ነበር። ማንኪያውን ነክራ ስታማስል እንፋሎቱ ፊቷን መታው፣ እጇም ቆመ። ገብሱ አለ፣ ካሮቱ አለ፣ የጾም ዘይቱም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ዶሮ ዶሮ ሸተታት።

ደግማ አሸተተች። ዶሮ ነው። በሁዳዴ፣ በረቡዕ ቀን፣ በየኔታ ሳህን ውስጥ።

የኔታ ለጸሎት ተነሥተው ነበር። የእሳቸው የማዕድ ጸሎት ርዝመት በአገሩ የታወቀ ነው፤ ከአቡነ ዘበሰማያት ተነሥተው መንገደኛውን፣ ሕመምተኛውን፣ ዝናቡንና ሙታኑን ሁሉ ሳያስታውሱ አይቀመጡም። እስከዳር ያላት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ተነሥታ «ዶሮ አለበት» ብትል ማን ያምናታል? ከሥራ የተባረረች ሴት ቂሟን ልትወጣ መጣች ነው የሚሉት። እስካሁን አሻግሬን ልትወጋ ብቻ ነበር የመጣችው፤ አሁን የአንድ ሽማግሌ ጾም እጇ ላይ ወደቀ፣ እውነቱን ለመናገርም ፈራች። መጀመሪያ የብርሃኔን እጅ ያዘች።

«ቆይ ብርሃኔ፣ አትቅመሺው፣ ያቃጥላል። ሽታው ራሱ ያጠግባል እኮ... በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የጾም ሾርባ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። የኔው ሾርባ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን እንደኛው ጠውልጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚቀርበው። ይኼን ግን እይልኝ፤ ፊቱ ወዝ አለው። በጾም ያልከሳ ሾርባ ዛሬ ገና አየሁ። ይኼን የጠጣ ሰው ነገ ማለዳ ቀስቃሽ ያስፈልገዋል ብለሽ ነው? ራሱ አጥር ላይ ወጥቶ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል...»

የየኔታ ጸሎት መንገደኛው ላይ ደርሶ ነበር። መንገደኛውን ትንሽ ዘግየት ብለው አለፉት። እስከዳር ጆሯቸው ወደ ኋላ መዞሩን ከትከሻቸው አወቀች።

«ጽጌሬዳ፣ ነይማ የኔ ልጅ። ለዚያ ባለሙያ ንገሪልኝ። አንዲት አሮጊት መጥታ ሙያህን ልማር ትላለች በይው። ቅመሙን ይዞ ብቅ ቢልልኝ እመርቀዋለሁ። ሰው እስኪሞት ይማር የለ?...»

ወጣቱ ወጥ ሠሪ ወዲያው ወጣ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሙያውን ሲያደንቅለት ደስ የሚለው ልጅ ነው። በእጁ የያዘውን ሣጥን በቀይና ነጩ ጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠና ክዳኑን ከፈተው። ውስጡ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ትንንሽ ጡብ የሚመስሉ የሾርባ ማጣፈጫዎች ተደርድረዋል። ክዳኑ ላይ ቀይ ቁንጮ ያለው አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«ምን ያለ ያማረ ሣጥን ነው... ብርሃኔ፣ ያንቺ ዓይን ከኔ ይሻላል፤ ይኼ የተሳለው ምንድን ነው? ጭራውን ነስንሶ የሚያየን? ምን አልከኝ ልጄ? ማርካ ነው፣ የፋብሪካው ምልክት? እሱስ እውነትህን ነው። የክብሪት ሣጥን ላይ አንበሳ ይሳላል፣ ከአንበሳ የተሠራ ክብሪት ግን ለኩሰን አናውቅም። ሳሙናውም ላይ ቆንጆ ሴት አለች። ማርካ ነው ያለህ ማን ነው?... ጌታህ? ጣሊያናዊ ወዳጆቹ ልከውለት? በል እንግዲህ ምን ጥያቄ አለው። ጽሑፉን በራሱ በጣሊያንኛው አንብቦታል ማለት ነው። እስቲ ለኔም አንብብልኝ፣ ፊደሉን ብቻ... ‹ፖሎ›? ደስ የሚል ቃል ነው። የኔ ሽማግሌ ጣሊያን እንኳ ‹ፖሎ› ሲለኝ ዶሮ ነበር የማርድለት። እሱም ዝም ብሎ ይበላ ነበር፤ ስሕተቴን ሳይነግረኝ ሞተ ማለት ነው... ወይ ደግሞ የእኛው ሰው የሄደበት ጣሊያን ሌላ ጣሊያን ይሆን?»

«አሜን» የሚለው የጸሎቱ መጨረሻ ተሰምቶ ነበር። የኔታ ተቀምጠው፣ ማንኪያቸውን ከሳህኑ አንሥተው፣ ወደ አፋቸው ሊያደርሱት ትንሽ ሲቀራቸው ወደ ኋላ ዞሩ። አውራ ዶሮውን አዩት። ማንኪያውን መልሰው ሳህኑ ውስጥ አስገቡና በሁለት ጣት ሳህኑን ወደ አሻግሬ ገፉት። ከዚያ ከደረቁ ዳቦ ቆርሰው ያኝኩ ጀመር።

አሻግሬ ዓይኑን ሣጥኑ ላይ ተከለ። እስከዳር አብራው ሰባት ዓመት ሠርታለችና ገባት፤ ሰውየው ተንኮል አላሰበም። ሥዕሉን ከልቡ ማርካ ነው ብሎ ነው ያለፈው፤ በዚህ አገር ዕቃ ሁሉ የሆነ አውሬ ወይ ወፍ ተስሎበት ነው የሚመጣው። አሁን ግን መውጫ የለውም። ጣሊያንኛ ማንበብ አልችልም ቢል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ደባርቅን ሲያታልል መኖሩ ነው። አነበብኩት ቢል፣ እያወቀ ሰው አስገደፈ ማለት ነው። ስለዚህ ተነሥቶ ጓዳ ገባ፣ ሲመለስ የእስከዳርን ነጭ ሽርጥ በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ጎንበስ ብሎም ፊቷ አስቀመጠው።

እስከዳር ሽርጡን በጣቷ ዳሰሰችው። ምድጃዋ ናፍቋታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ እጇን የምታደርግበት አጥታ ነበር የሰነበተችው። ግን ያ «ይረፉ ተብለዋል» የሚለው ቃል ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

«አየሽ ብርሃኔ፣ ሽርጤ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ... በእጁ አምጥቶልኝ። እንዴት ያለ አክባሪ ሰው መሰለሽ፤ ሲያሰናብት በሰው አፍ፣ ሲጠራ በራሱ እግር። ግን ምን ላድርግ፣ እረፊ ተብያለሁ። የተባልኩትን የማልሰማ ሴት ነኝ? ደግሞም ይኼ ቤት አሁን ባለሙያ አለው፣ ባለ ማርካ። የኔ ሾርባ ምን ማርካ አለው?...

«አቤት የኔታ? እኔን ነው? አልረበሽኩዎትም አይደል፣ የብርሃኔ ጆሮ ነገር ሆኖብኝ ነው... ለልጁ ሠርግ? ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት? ኧረ የኔታ፣ እጇ ጨው በዛበት የተባለች ሴት ለእርስዎ ድግስ ትሆናለች? ሰው ምን ይላል?... እንግዲህ እርስዎ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጅሽ ደኅና ነው ካሉኝ፣ እኔ ማን ነኝና እንቢ እላለሁ። እሺ አባቴ። እሺ።»

 ደስ ብሏት ዕንባዋ መጥቶ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ዝም ብላ ብትወጣ ማንም አይታዘባትም ነበር። ሽርጡን አጣጥፋ ለአሻግሬ በእጁ ሰጠችውና የብርሃኔን ክንድ ይዛ አስነሣቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አለች።

«ቆይ ብርሃኔ፣ ከሰው ቤት ሳይመርቁ መውጣት ነውር ነው። የዚህን ቤት ጌታ ምን ብዬ ልመርቀው?... ለእኛ ለኃጢአተኞቹ ፋሲካ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፣ ያውም ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ ከስተን። ለእሱ ግን የደባርቅ አምላክ እንደ ልቡ ያድርግለት፤ ረቡዕ ሳይል፣ ዓርብ ሳይል፣ ሁዳዴውንም ሳይጠብቅ፣ የዓመቱን ቀን ሁሉ ፋሲካ ያድርግለት።»

ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት በዚህ አገር አይሆንምና ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። የፓርክ ሠራተኞቹም አሉ፣ የኔታም ዳቦአቸውን ዋጥ አድርገው አሉ። አሻግሬም ሽርጡን እንደታቀፈ አሜን ሲል እስከዳር በጆሮዋ ሰማችው።