ካፖርት የለበሰው ኮምፒውተር

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የኮምፒውተር አስተማሪ ደግሞ ወደ ቤቷ ስትወጣ መሃል ላይ ተገናኙ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አንዱ ጥግ ካልያዘ ሌላው አያልፍም። ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ሸክማቸውን አሳረፉና «እለፊ ልጄ፤ እኔ እንደሆንኩ የምቸኩልበት የለኝም» አሏት።

እሷ ግን አላለፈችም። ኮምፒውተሩ ካፖርት ለብሶ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ከወፍራም ሱፍ የተሰፋ፣ ገበር ያለው፣ ጎኑ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ለገመዶቹ ብቻ ከኋላ ቀዳዳ የተተወለት ደንበኛ ካፖርት። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያለብስ የኖረ እጅ ሥራ ሲፈታ ያገኘውን ማልበሱ አይቀርም።

«ወዴት እየወሰዱት ነው ጋሼ?»

«አሮጌ ዕቃ ገዢው በር ላይ ቆሟል፤ ለእሱ ልሰጠው ነው።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«እሱ ምን ይሆናል። የተበላሸሁትስ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ሲያስረዷት እንዲህ ነው። ፍንጭት እያሉ የሚጠሯት የልጅ ልጃቸው ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ከገባች ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት የጀልባ ውድድር አብረው ይጫወታሉ። እሷ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ ሆነው ጀልባቸውን እየነዱ ያወራሉ። ስልክ ሲደወልላት «ደህና ነኝ» ብላ ለእናቷ የምታቀብል ልጅ፣ ጀልባ ላይ ስትወጣ ግን አፏ አያርፍም፤ የተጣላቻትን ጓደኛዋን፣ የፈራችውን ፈተና፣ ለእናቷ ያልነገረቻትን ሁሉ ትዘረግፋለች። ለሽማግሌው ጨዋታው ሰበብ ነው፤ ሳምንቱን የሚያሻግራቸው ወሬው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጀልባቸው ጥቂት እንደሄደ መንቀርፈፍ ያዘ። ወደ ቀኝ ሲሉት ቆይቶ ይታጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ውሃው መሃል ያለው ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ፍንጭት ቀድማ ደርሳ ትጠብቃቸዋለች። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሰበብ ፈጥራ በጊዜ ተሰናበተች።

«ሰልችቻት ነው፤ አልፈርድባትም» አሉ። «እጄ ዝሏል ልጄ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆየ እኮ። ልጅቷን እንደ አስታማሚ ደጅ ከማስጠናት፣ እኔው በክብር ልውጣላት ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። አንጀቷን የበላትም መረጋጋታቸው ነው።

«ክር ማስገባት የዓይን ነገር ነው እንጂ የእጅ አይደለም» አለቻቸው። «ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲጫወቱ ይህን ካፖርት ያወልቁለታል?»

«ምን በወጣኝ!» አሉ ኩራት ባዘለ ድምፅ። «አቧራ እንዳይገባው፣ ብርድ እንዳይመታው ብዬ እንደ ዓይኔ ብሌን የያዝኩት ነው።»

አስተማሪዋ ሳቋን ዋጠች። ኮምፒውተር ሲሠራ እንደሚሞቅ፣ ሙቀቱን በማራገቢያ እንደሚያስወጣ፣ መውጫ ሲያጣ ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያዘገይ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። «እርስዎስ ካፖርት ለብሰው ይሩጡ ቢባሉ እስከ የት ይሄዳሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ተንከባከብኩ ያሉትን ነገር ሲያፍኑ መክረማቸውን መስማት ለማንም አይጥምም። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ካፖርቱ ይውለቅ። አሁን ግን ከፍቼ ልየው ልትዪ ነው። ዕቃ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ እንደ ድሮው አይሆንም። ደግሞ አርጅቷል። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ ልፋት ለጨዋታ? በእኔ ዕድሜ?»

«በተራ በተራ እንየው ጋሼ። ሱሪው የጠበበበት ደንበኛ ሲመጣ ምን ያደርጉለት ነበር?»

«አሰፋለት ነበራ። ግን መጀመሪያ ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ካለው እለቀዋለሁ፤ ከሌለው አልነካውም።»

«የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው። ጨዋታው በታደሰ ቁጥር እየወፈረ ሄዷል፤ ሱሪው ግን ያው የድሮው ነው። ከፍቼ ትርፍ ቦታ እንዳለው አያለሁ። ከሌለው ራሴ ተሸክሜ ለገዢው አደርስልዎታለሁ።»

«ጨዋታውስ?»

«እርስዎ ጨዋታ ይበሉት። እኔ ግን የሰማሁት፣ አንዲት ልጅ የልቧን የምትናገረው ከእርስዎ ጋር ጀልባ ላይ ስትሆን ብቻ መሆኑን ነው። ያንን በር በእጅዎ ሊዘጉት ነው?»

አሮጌ ዕቃ ገዢው ከታች ሲጣራ ሽማግሌው «ዛሬ የለም፤ ሂድ» አሉትና ኮምፒውተሩን በአንድ በኩል ያዙ። አስተማሪዋ በሌላ በኩል ያዘችላቸው።

ልብስ ሲቆርጡበት በኖሩት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። አስተማሪዋ ገመዱን ነቅላ ጎኑን ስትከፍተው፣ ከካፖርቱ የረገፈ ብናኝ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ማራገቢያውን አፍኖታል። ሽማግሌው የሱፍ ብሩሻቸውን አምጥተው፣ እሷ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቷ ይዛላቸው፣ ራሳቸው አጸዱት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ዘግተው ሲሞክሩት ጀልባው እንደ ፊተኛው አልተንቀራፈፈም፤ አልፎ አልፎ ግን መደነቃቀፉ አልቀረም።

ደግነቱ ለተጨማሪ ራም፣ ማለትም ለሥራ ማስታወሻው፣ የሚሆን ባዶ ቦታ ተገኘ። ዘገምተኛው ሃርድ ዲስክም በፈጣኑ ዓይነት ሊተካ ይችላል። እሷ በውስጡ የነበሩትን ፎቶዎች ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጣ ካስቀመጠች በኋላ በሳምንቱ መሃል ሁለቱንም ገጠመችለት። ሽማግሌው ይህን ጊዜ ነገሩ ጥሟቸው ምስሉን የሚያሳምር አዲስ ግራፊክስ ካርድም ይጨመርበት ብለው ነበር። እሷ ግን ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ አይታ አይችለውም አለቻቸው፤ በምትኩ ጨዋታው ውስጥ ገብታ የጀልባውን ጥላና የውሃውን ነጸብራቅ ቀነሰች። «ጥላ ለምኔ» አሉ ሽማግሌው፤ «ጀልባዬ ከሄደልኝ ይበቃኛል።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌው አስተማሪዋን አጠገባቸው ካላስቀመጡ አልጫወትም ብለው ነበርና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውድድሩ ተጀመረ። ወደ ቀኝ ሲሉት ጀልባው በቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉት በግራ። ድንጋዩን አልፈው እጃቸውን ሰረቅ አድርገው አዩት፤ የኔው እጅ ነው እንዴ በሚል አስተያየት። እስከ መጨረሻው ከፍንጭት ጎን ለጎን ሄደው ለጥቂት ተቀደሙ። የሰው መሸነፍ እንዲህ ሲያስደስት አስተማሪዋ አይታ አታውቅም።

«አባዬ፣ ልትቀድመኝ ነበር እኮ» አለች ፍንጭት ከወዲያኛው ጫፍ። «ምን ተገኘ ዛሬ?»

ጠያቂ ያገኘ ምክር መቆሚያ የለውም። የሚሞቅን ዕቃ ማልበስ ማፈን መሆኑን፣ አቧራ በየጊዜው መጠረግ እንዳለበት፣ ከመጣልም ከመግዛትም በፊት ከፍቶ ማየት እንደሚገባ፣ ከሚችለው በላይ የሚከብደውን መጨመር ኪሳራ መሆኑን፣ የማይጠቅመውን ውበት መቀነስም ማሻሻል እንደሆነ ለልጅቷ ዘርዝረው ነገሯት። የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ሲቃወሙ የነበሩት ሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ፍንጭት በትዕግሥት ሰማቻቸው።

«እኔ ደግሞ ከእኔ ጋር መጫወት ደክሞህ መስሎኝ ነበር» አለች ሲጨርሱ። «አውቀህ ወደ ኋላ የምትቀር፣ ቶሎ እንዲያልቅልህ የፈለግህ መስሎኝ።»

ሽማግሌው አስተማሪዋን አዩ። እሷም አየቻቸው። አንድ የታፈነ ማራገቢያ ሁለት ሰው ሲያስከፋ ከርሟል።

«አባዬ፣ አለህ? ቅዳሜ ብቻ ነው እንዴ የምንጫወተው? ነገም ና።»

«እመጣለሁ» አሉ ሽማግሌው። ለሌላ ዙርም ጀልባቸውን ወደ መነሻው መለሱ።