ኢቪ የምትለዋ በተን

ከቫን ናይስ ወደ ፌርፋክስ በሚሄድ የጋራ ታክሲ ውስጥ ከኋላ፣ ከአንዲት ወጣት ጎን ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በስፒከር አውርተው ገና መሰናበታቸው ነው። መንገዱ በተጨናነቀ ቁጥር ኢቪ የምትለዋን በተን ይጫናሉ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የምትጫናት?» አለች ልጅቷ።

«ጋዝ እንዲቆጥብልኝ ነዋ! በባትሪ ብቻ ሲሄድ ምን ይጠጣል?»

«መኪናህ እኮ ሃይብሪድ ነው፣ ቻርጀር ላይ አይሰካም። ባትሪውን ማን ይሞላዋል?»

«ፍሬኑ።»

«ፍሬኑ ትንሽ ይሞላል። የቀረውን ሞተሩ ነው፣ በጋዝ። ሶ፣ አሁን ባትሪውን ብትጨርሰው በኋላ ለመሙላት ሌላ ጋዝ ያቃጥላል። ተወው፣ መኪናው ራሱ ያውቅበታል።»

«አገር ቤት እኮ ቁልቁለት ሳገኝ ሞተር አጥፍቼ ነበር የምለቀው።»

«ወይኔ ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ይባስ!»

«እልልልል!» አለ ስልኩ። ባለቤታቸው ናቸው። «ስንት ዓመት ሙሉ ስነግረው! ተባረኪ ልጄ፣ በደንብ ንገሪልኝ!»

«አንቺ አልዘጋሽም እንዴ?»

«ይሄን ሳልሰማ ልዝጋ?»

የባለቤታቸው ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ መኪናውን ሞላው። ሹፌሩም አብረው ሳቁ። ፌርፋክስ ገብተን ቀስ ስንል ግን እጃቸው ተመልሶ ወደ በተኗ ሄደ።

«ጋሼ! አሁን ተነጋገርን እኮ!»

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ሞተሩ ዝም ሲል ሳቋ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

መውረጃዬን ስናልፈው ትንፍሽ አላልኩም።