ደህና ናቸው የማይል ወለል

ጡረታ የወጡት የመሬት ቀያሽ ከቤታቸው ሲወርዱ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከታች ፎቅ ከምትኖረው ከልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር ንጣፍ ጠቅልላ ይዛለች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ? ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነበር።"

"ይመስገን። ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"ወለል ላይ የሚነጠፍ ነው። ሰው ወድቆ መነሣት ካቃተው ያውቃል፤ ለመረጡት ሰው በስልክ ይናገራል።"

"ሰላይ በይው! ዕድሜ ልኬን መሬት ስለካ ኖሬ፣ አሁን መሬቱ እኔን ሊለካኝ ነው?"

ቀልዱ ከልባቸው አልነበረም። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቀው ግማሽ ቀን ተጋድመዋል። ልጆቻቸው "ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም፤ እሑድ መጥተን እንወስድዎታለን" ብለው ቆርጠዋል። እርሳቸውም ከዚህ ቤት ንቅንቅ ላለማለት ቆርጠዋል።

"እኔና እናትሽ መላ አለን፤" አሉ። "ጠዋት ጠዋት እሷ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትመታለች፣ እኔ ወለሉን በተረከዜ። ደህና አደርን ማለት ነው። ባትሪ አይፈጅ፣ አይበላሽ።"

"የወደቁ ዕለትስ?"

የደረጃውን መደገፊያ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

"ይንገሩኝ እንጂ ጋሼ።"

"ወለሉን በተረከዜ ደበደብኩ።"

"እናቴስ?"

"መልሳ መታችልኝ! ደጋግሜ ስመታ እሷም ደጋግማ መታች። በኋላ ብጠይቃት 'ዛሬስ ጋሼ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ነበር' አትለኝም!"

ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ።

"ጥፋቱ የእናቴ አይደለም፤" አለች ልጅቷ። "ደህንነትም ጭንቀትም በአንድ ድምፅ ከተነገሩ፣ ሰሚ በምን ይለያል?"

ቀያሹ ይህን መካድ አልቻሉም። በሥራ ዘመናቸው ወንዙንም መንገዱንም በአንድ ቀለም ያሰመረ ካርታ ቢመጣላቸው፣ ለሠራው ሰው መልሰው ይወረውሩለት ነበር።

"ወሬዬስ ማን ዘንድ ነው የሚሄደው?"

"ከመረጧቸው ሰዎች ውጪ ለማንም አይደርስም። ካሜራ የለው፣ ድምፅ አይቀዳ። ሲያስጠላዎት ያጠፉታል። ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ነገር ነገ በየግድግዳውና በየበሩ ይገባል፤ እንደ ቧንቧ ውሃ ልብ የሚለውም አይኖርም። መምጣቱ ካልቀረ፣ ሕጉን ዛሬ እኛ ነዋሪዎቹ እናውጣለት።"

"ልጆቼ ምን ይደርሳቸዋል?"

"ጠዋት ጠዋት 'አባባ ደህና ናቸው' የሚል መልእክት።"

"እሱን አልፈልግም!" አሉ ቆጣ ብለው። "ማሽኑ ደህና ናቸው ካለ፣ ማን ይደውልልኛል? ማንስ ደረጃውን ይወጣል? ስወድቅ ይጩህ። ደህና ስሆን ግን አፉን ይዝጋ!"

ልጅቷ አሰብ አደረገች። "ይኼ አልመጣልኝም ነበር። አወጣዋለሁ።"

"እንግዲያውስ ግቢና አንጥፊው።"

እሑድ ልጆቻቸው ባዶ ሻንጣ ይዘው መጡ። ቀያሹ ምንም ሳይሉ መታጠቢያ ቤት ገብተው ንጣፉ ላይ ተጋደሙ። ብዙም ሳይቆይ የልጆቹ ስልኮች ኪሳቸው ውስጥ ጮኹ፤ ልብስ ሰፊዋም ያው ጥሪ በስልኳ ደርሷት ሜትሯን ባንገቷ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች ደረሰች።

ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ። ሽማግሌው ቤታቸውን አልተነጠቁም፤ ልጆቹ ሥጋታቸው ቀለላቸው፤ ጎረቤትም ጎረቤትነቷ አልቀረባትም። አዲስ መሣሪያ ሰውን ከሰው የሚለየው፣ የሰውን ድርሻ አብሮ እንዲወስድ ስንፈቅድለት ነው። ድርሻውን ለይቶ የሰጠው ግን ይጠቀምበታል።

ትልቁ ልጃቸው በሩ ላይ ቆም አለ። "ግን አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ደህና ማደርዎን በምን እናውቃለን?"

"ደውሉ እንጂ!" አሉት።