የናትናኤል መርዶ

በእኛ ጊዜ አደጋ የሚፈለግ ነገር አልነበረም፤ ራሱ አድራሻ ጠይቆ ይመጣ ነበር። አትሳቂ ሄለን፣ እውነቴን ነው! እኛ በእናንተ ዕድሜ የምንመኘው ምን መሰለሽ? ትናንትን መስሎ የሚነጋ ቀን፣ እሱኑ ብቻ። እናንተ ያንን ቀን በነፃ አገኛችሁትና "ሰለቸን" ትላላችሁ። አሁን ደግሞ የንባብ ማኅበር ልናቋቁም ነው፣ ጋሼ ታደሰ መጽሐፍ ይምረጡልን አላችሁኝ። ደግ፣ እመርጣለሁ። ግን መጀመሪያ የናትናኤልን ልንገራችሁ።

ናትናኤል የአልማዝ ልጅ ነው፣ አንድ ልጇ። አልማዝ ማለት ያቺ ቬርኒየ ረጅሙ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ዲፕሎማቶች ቤት ምግብ የምትሠራው፣ ድምጿ የማይሰማው ሴትዮ ናት። ልጁ እዚሁ ጄኔቭ ተወልዶ አደገ፤ ሥራ ሲያገኝ ዙሪክ ሄደና ዋሊሰለን ከአጎቱ ከግርማ ጋር እየኖረ፣ እዚያ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጫማ ይሸጥ ነበር። ታዲያ እናቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚችው ሰርቬት ሰፈር፣ እዚችው ክፍል ይመጣል። እኔ አማርኛው እንዳይጠፋባቸው ብዬ ለልጆቹ አነባለሁ፣ እሱ ያዳምጣል።

ያን ጊዜ የማነብላቸው አንድ ልብ ወለድ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሮጣችሁ ትገዙታላችሁ። አንድ ወጣት ቤቱን ጥሎ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ጓደኛውን በረሃ ላይ ይቀብራል፣ ያለውን ሁሉ ያጣል፤ እና በመጨረሻ ብቻውን ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ "አሁን ገና ኖርኩ" ይላል፤ እዚያው ይሞታል፣ መጽሐፉም እዚያው ያልቃል። ሌሎቹ ልጆች ስልካቸውን ይነካካሉ። ናትናኤል ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ "ይሄ ልጅ ኖረ። እኔን ይዩኝ፤ ጠዋት ባቡር፣ ቀን ጫማ፣ ማታ ባቡር፣ ቮላ፣ በቃ! ስሞት ምን ተብሎ ይወራል?"

"ደህና ሰው ነበር ይባላላ!"

"ደህና ሰው መሆን ታሪክ አይደለም፣ ጋሼ።"

"ታሪክ ከፈለግህ እናትህን ጠይቃት።"

"እማዬን?" ብሎ ሳቀብኝ። "እማዬ እኮ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እማዬ ታሪክ የላትም።"

ወይ ጉድ! እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ግን የሰው ገመና በሌላ ሰው አፍ አይወጣም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። እና መጽሐፉን ተውሶኝ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? ይኸው፣ ያዘ፣ አልለቀቀም። ግርማ እንደነገረኝ ባቡር ላይ ያነበዋል፣ ምግብ ላይ ያነበዋል፣ ጨርሶ እንደገና ይጀምረዋል።

በኋላ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተራራ ወጣ። የሱቅ ጫማውን እንዳደረገ ነው እንግዲህ! መንገዱ መሐል ላይ ገመድ ተወጥሯል፣ ማለፍ ክልክል ነው የሚል ተለጥፏል። ጓደኞቹ ቆሙ።

"ናቲ፣ በቃ እንመለስ!"

"እናንተ ተመለሱ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ስመለስ ነው የኖርኩት።"

ገመዱን ተሻግሮ ወጣ። ብዙም አልራቀ፤ ከላይ በረዶው ተንዶ ይዞት ወረደ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ቆፍረው ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም። ይኸው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስንት ገጽ የፈጀው ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ሁለቱ ጓደኞቹ እያለቀሱ ለግርማ ነገሩት። ግርማ ደግሞ ልቡ ደካማ ነው፣ ደረቱ ውስጥ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ነው። እና ለእኔ ደወለልኝ፤ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ታደሰ፣ ልጁ ሄደብን። አደራህን፣ እህቴ እንዳትሰማ። ነገ በሰላም ታስቀድስ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እኔም እደርሳለሁ፣ ካህን ይዘን በወጉ እናረዳታለን።"

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ ይሄ ነገር ውሸት ይመስላችኋል። አይደለም! እኛ ሰውን ብቻውን አናረዳም። ወገን ይሰበሰባል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ ሰዉ ሁሉ አፉን ይይዛል።

ታዲያ እሑድ አልማዝ መጣች። ነጠላዋን ለብሳ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም፤ እንዲህ ነው ያሰብነው። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን ቆርሳ ታድላለች፤ ሴቶቹ ከእጇ ይቀበሉና እየሮጡ መታጠቢያ ቤት ገብተው ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ግርማ እንዴት ነው? ልቡን እንዴት አደረገው?" አለችኝ።

"ደህና ነው። እንዲያውም ነገ ብቅ ሳይል አይቀርም።"

"ነገ?" አለች። ቁራሹን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ "ይምጣ፤ እግዜር ያምጣው" ብላ አለፈች። እኔም፣ አየህ፣ ምስኪን፣ ምንም አልሰማች አልኩ በልቤ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቬርኒየ ሄድን። ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው አሳንሰሩ ውስጥ አልበቃ ብሎ በሦስት ዙር ወጣን፤ አንዱ ለሥራ የሚወጣ ፈረንጅ አየንና ደንግጦ በደረጃው ወረደ። ግርማን ሁለት ሰው ደግፎታል። ካህኑ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ።

ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፣ ፍራሹ መሬት ወርዷል፣ ወንበሩ ተደርድሯል። የለቅሶ ቤት ሆኖ ጠበቀን! ማንንም አላየችም፣ ግርማን ብቻ ነው ያየችው።

"ወንድሜ፣ ሰማህ እንዴ? ማን ነገረህ? ልብህስ?"

ለካ ቅዳሜውኑ ፖሊሶች ቤቷ ድረስ መጥተው እቅጩን ነግረዋታል! ብቻዋን፣ ኩሽናዋ ውስጥ። ግርማ አልሰማም፣ በድንገት ከሰማ ይሞታል ብላ፣ እሱ መጥቶ በሰው መሐል በወጉ እስኪረዳ ድረስ ያንን ሁሉ ሰዓት ዋጠችው። እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷ ከእሱ ትደብቃለች። ያንን ዳቦ እንዴት አድርጋ እንደቆረሰችው እግዜር ይወቅ። ግርማ "እኔማ ቅዳሜ ነው የሰማሁት፣ እህቴ" ሲላት፣ ያን ጊዜ ጮኸች። እኔ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

በሠልስቱ ሰዉ ሲቀዘቅዝ ጠራችኝ። "ጋሼ፣ ያን መጽሐፍ ከዕቃው ጋር ልከውልኛል። እኔ ማንበብ አልቻልኩም፣ ዓይኔ እንባ ብቻ ሆኗል። መጨረሻውን ያንብቡልኝ።"

እምቢ እንዴት ይባላል? አነበብኩላት። ተራራው፣ ብርሃኑ፣ "አሁን ገና ኖርኩ" የሚለው፣ ሁሉንም። ጨርሼ ዘጋሁት።

"እናቱስ?" አለችኝ።

"ምን እናቱ?"

"የልጁ እናት። ማን አረዳት?"

"አልተጻፈም፣ አልማዝ።"

"ማንስ ቀበረው?"

"እሱም አልተጻፈም።"

ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? "ጋሼ፣ እኔ ከዚያ ከአሠሪዎቼ ቤት ስወጣ ያስታውሳሉ? ፓስፖርቴን ቆልፈውብኝ፣ በኩሽና በር፣ በቤት ጫማ፣ በዚያ በረዶ?" አስታውሳለሁ እንጂ! ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ እግሯ አብጦ ያገኘናት እኔና ባለቤቴ ነን። "ናቲ ሆዴ ውስጥ ነበር" አለች። "አብሮኝ ነው ያን በረዶ የተሻገረው። ታሪክ የለኝም እያለ ሲያዝን እሰማዋለሁ፤ ግን ልጅ ይከብደዋል ብዬ፣ አፍሬም፣ አልነገርኩትም። ነግሬው ቢሆን ያን ገመድ ይሻገር ነበር?"

ፍርዱን ለእግዜር ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እና ልጆቼ፣ መጽሐፍ አትንኩ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሳነብ ነው ያረጀሁት። ግን ሞትን የሚያሳምር መጽሐፍ ስታነቡ እናትየዋ የት ቀረች ብላችሁ ጠይቁ። ደራሲው እዚያ በር ላይ ለመቆም ፈርቶ ነው ቀድሞ የሚጨርሰው። እኔ ቆሜበታለሁ፤ ምንም ውበት የለውም።

"ጋሼ ታደሰ፣" አለች ሄለን፣ "እኔም እማዬ እዚህ አገር እንዴት እንደመጣች አላውቅም። ብጠይቃት እምቢ ካለችስ?"

እምቢ ትላለች እንጂ! ሐበሻ አይደለች? ደግመሽ ጠይቂያት።