የጄቱ ደወል

ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በምትሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት የሙዚየም ሠራተኛና አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ይጨቃጨቃሉ።

«አባባ፣ ያ በድሮው ጦርነት የወደቀው ጄት የእንግሊዝ ሥራ ነው። እንደሱ ያለ አሁን አይገኝም።»

«ውሰጂው! ማን ያዘሽ?»

«ክንፉን ቆራሌው ጨረሰው። የቀረው ደብራችሁ ላይ የሰቀላችሁት የሞተሩ ብረት ነው።»

«እሱማ ደወላችን ነው፤ አይነካም።»

«ሌላ ደወል እንሰጣችኋለን አልን እኮ! ነገ መኪና ይዘን እንመጣለን።»

«ኑ። አገሩ ቆሞ ይጠብቃችኋል።»

«ይኼ እኮ ቦምብ የጣለባችሁ ጄት ነው!»

«ጥሏል። ወንድሜንም የገደለው እሱ ነው።»

«ታዲያ ምኑ አሳሳዎት?»

«መጀመሪያ የተደወለው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ለወንድምዎ?»

«ወንድሜንማ እናታችን አልቅሳለታለች። የደወልነው ላብራሪው ነው። ከነጄቱ ወድቆ ሞተ፤ እኛው ቀበርነው። አገሩ ሩቅ፣ እናቱ አልሰማችም።»

«ለገደላችሁ ሰው?»

«እኛ ካልደወልንለት ማን ይደውልለት፣ ልጄ?»

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁ፣ «ወራጅ አለ» ማለት ተሳነኝ።