ስሙ የማይጠራው ፍሬ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ሳስተምር አንድ ነገር ዘግይቼ ተማርኩ። የሚበላ የዱር ፍሬ የለቀመ ሰው ገልጦ ይይዘዋል፤ መድኃኒት የለቀመ ግን ቅርጫቱን በኮባ ቅጠል ይሸፍናል፣ ምን ያዝክ ተብሎም አይጠየቅም።

አንድ ቅዳሜ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከትሕትና ጋር በቡናው መሀል ስናልፍ ከጎረቤቴ ከእማማ ሰርካዲስ ጋር ተገጣጠምን። በአንድ እጃቸው እንጆሪ በሳህን፣ በሌላው የተሸፈነ ቅርጫት ይዘዋል። እንጆሪውን ዘረጉልን። እኔ ሆዳም ነኝና ወዲያው ዘገንኩ፤ ትሕትና ግን ዓይኗን ከቅርጫቱ አልነቀለችም።

«እማማ፣ ያኛው ለማን ነው?»

«ለምራቴ ለማሚት። ኮሶ አስቸግሯታል፤ ነገ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች።»

የትሕትና ፊት ተለዋወጠ። «ምን ፍሬ እንደሆነ ቢነግሩኝ?»

«አልነግርሽም። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል። ደግሞ አንቺ ለምን ፈለግሽው? ዛሬ ጠይቃችሁ ትጽፋላችሁ፣ ነገ በብልቃጥ አድርጋችሁ መልሳችሁ ትሸጡልናላችሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። አማት ለምራቷ ስሙን ደብቃ የምታጠጣው ነገር መቼም ደስ አይልም። የትሕትናም ሁኔታ አላማረኝም፤ የሆነ ነገር እያወቀች የዋጠች ትመስል ነበር።

«እማማ፣ የእንጆሪውን ስም ዘወትር ይጠሩታል። ጣዕሙ ቀነሰ?»

«እሱ ምግብ ነው።»

«ይኼኛውን ማን አሳየዎት?»

«እናቴ። ልትሞት ስትል በጆሮዬ ነገረችኝ።»

«እናትዎ ድንገት አርፈው ቢሆን ኖሮስ?»

እማማ ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ትሕትናም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «መድኃኒትዎን አልናቅኩም። እኔንም በልጅነቴ እናቴ በዱር ፍሬ ነው ያሻረችኝ። ነገር ግን አንዱን የሚያሽር ሌላውን ይጎዳል። ሰው ጠጥቶ ቢታመም፣ የጠጣውን ሳናውቅ በምን እንረዳዋለን?»

«ማሚትን የሚጎዳት ለምንድን ነው?» እማማ ጠጋ አሏት። «አንቺም የደበቅሽኝ አለ።»

«አለ። የሰው ምስጢር ስለሆነ ግን ከእኔ አፍ አይወጣም። ራሷን ይጠይቋት። ብቻ መጀመሪያ የፍሬውን ስም ይንገሯት።»

እማማ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያዩ ቆሙ። ከዚያ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ፤ ተከተልናቸው።

ማሚት ደጅ ላይ የተሰጣ ቡና ታገላብጥ ነበር። እማማ የኮባውን ቅጠል ገለጡና፣ ነውር የሚናገሩ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው «እንቆቆ ነው» አሏት።

የማሚት እጅ ወደ ሆዷ ሄደ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሆዴ ሳይገፋ ከተወራ የሰው ዓይን ያጠፋዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለትሕትና ብቻ ነግሬያለሁ።»

«እንቆቆ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም» አለች ትሕትና። «ሊያስወርድ ይችላል። ለኮሶው ጤና ጣቢያ ይመክሯታል።»

እማማ ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው አስረስ ከተዳረ ጀምሮ ለዚህ ፅንስ ያልተሳሉበት ደብር የለም። ስለ አማትና ምራት ባሰብኩት አፈርኩ። ማሚት ይቅርታ ልትጠይቅ ስታጎነብስ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አልቆጣሽም ልጄ። መደበቅን ከእኔ ነው የተማርሽው።» እንጆሪውንም ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ ሰርካዲስ መድኃኒት ፈልጎ ለመጣ ሁሉ ስሙን ይናገራሉ፤ ሳይሰጡም በፊት ይጠይቃሉ። ነፍሰ ጡርን ወደ ትሕትና ይልካሉ። ትሕትናም እሳቸው የሚያውቁትን ፍሬ ሁሉ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይታ ታስተምራለች። እንቆቆውም ስሙ በመጠራቱ ጉልበቱ አልቀነሰም፤ የተሻላቸው ሰዎች ይመሰክራሉ።

የማሚት ልጅ አሁን አፏን ፈትታለች። አያቷ በቡናው መሀል እጇን ይዘው እየዞሩ ይኼ ይበላል፣ ይኼ አይነካም እያሉ የእያንዳንዱን ፍሬ ስም ያስጠሯታል፤ የሞታቸውን ቀን ሳይጠብቁ።