ከሁለት ንድፍ አንዲት ጀልባ

ነይ ግቢ እህት ዓለም፣ ጭንቅላትሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ። እዚህ ቤት ቀና ብሎ መግባት ከቀረ ቆየ። እሱ ምንም አይደለም፣ እንጨት ነው፤ ቦርሳሽን አንጠልጥዪበት፣ እኔም ፎጣ አሰጣበታለሁ። ሻይ ልቅዳልሽ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ወንድምሽማ ደህና ነው። ከዚያ ክፍል ኮሽ ኮሽ የሚለው እሱ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት እያለሰለሰ። ተይው፣ ሥራ ላይ ነው፣ አይሰማንም። ደግሞ ስለ እሱ ምን አወራለሁ?... አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ የእሱን ነገር ላጫውትሽ።

እንዴት ያለ አስተዋይ መሰለሽ። ቀያሽ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የሰው መሬት ሲለካ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ እንደ እኩዮቹ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል ስንል፣ ጀልባ እሠራለሁ አለ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ። ተራ ጀልባ እንዳይመስልሽ፤ ባለ ሸራ ካታማራን። ሁለት ቀጫጭን ጀልባ ጎን ለጎን በአግዳሚ ታስሮ፣ ሰው መሀል የሚቀመጥበት። ሐይቁ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይርቃል። ግን ትልቅ ሰው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይቆማል?

ንድፍ ሲመርጥ አራት ዓመት ፈጀ። ችኩል አይደለማ... ሁሉን አጣርቶ አጣርቶ ሁለት ቀሩት። አንዱ አጭርና ቀላል፣ ለብቻ የሚፈተለክበት። ሌላው ረጅምና ሰፊ፣ ቤተሰብ የሚጫንበት። ጠዋት ያኛውን ይወዳል፣ ከምሳ በኋላ ይሄኛውን። ሚስቱ ሳንቲም ወርውር አለችው። ወረወረ፣ ሳንቲሙ ቁም ሣጥን ሥር ገባ፣ ቁም ሣጥኑን ሲገፋ ወገቡን ያዘው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀኙን ከአንዱ ንድፍ፣ ግራውን ከሌላው ሠራው። አትሳቂ፣ ፍትሕ እኮ ነው። የቀኙ አራት ሜትር፣ የግራው ስድስት ሜትር ተኩል። ውኃ ላይ ስትወጣ ባለችበት ትሽከረከራለች ይላሉ ምቀኞች። ብትሽከረከርስ? የትም ስለማትሄድ፣ እንዴት ደርሼ ልመለስ ብሎ አይጨነቅም።

ኮሽታው ቆመ እንዴ?... ደክሞት ይሆናል። ጠጪ እንጂ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ።

እና ረጅሙን የሠራው የት መሰለሽ? ሴት ልጁ ክፍል ውስጥ። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ናት፣ መውለጃዋ ደርሷል። እናቴ ጋ ነው የምታረሰው ብላ፣ አባባ ክፍሌን ልቀቅልኝ ብላ ከሦስት ወር በፊት ለምናው ነበር። እሱም እሺ አላት፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ጀልባዋን ሊያወጣ ሲገፋ አፍንጫዋ በበሩ ወጥቶ ሳሎን ደረሰ፣ ሆዷ ቀረ። በሩ አላሳልፍ አለ። እንግዲህ አስቢው፣ የአገር መሬት የለካ ሰው የራሱን በር ይለካል? ክብሩን ይነካል እኮ። ግድግዳ ይፍረስ ተባለ። አሁን የሚፈርሰውን ግድግዳ እየመረጠ ነው... ሁለት ቀርተውታል።

ልጅቷ ትናንት ደወለች። "አባባን አታስቸግሩት፣ አማቴ ቤት እገባለሁ" አለች። የዚያ ቤት አያት ደግሞ ምስማር መምታት እንኳ የማያውቅ ሰው ነው አሉ። ክፍል ለቀቀ፣ አልጋ ዘረጋ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ በቃ። ንድፍ የለ፣ ጥናት የለ። ምን ዓይነት ግድየለሽ ነው? እናቷ ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ ዋለች። ይህን ያህል ምን ያስለቅሳታል? በቤቷ ሕፃን ባይኖር ጀልባ አለላት...

አሁንም ኮሽታ የለም። እንጨቱ ለስልሶ አለቀ መሰለኝ።

እኔማ ያንን ሰው ሳልመርቀው አላድርም። እስቲ አሜን በይኝ፣ እህት ዓለም። ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁን ይባርከው፣ ወገቡን ያጽናለት። የልጅ ልጁም በሰላም ይምጣ፣ ይደግ፣ ይመንደግ። አፉን ሲፈታ የመጀመሪያ ቃሉ "አያቴ" ይሁን... እዚያው ባደገበት ቤት፣ አልጋ ለዘረጋለት ለዚያ ምስማር ለማያውቅ ሰውዬ።